«ሰባት ሰዓት» ስንል የትኛውን ነው? ድንበር ለሚሻገሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ወረቀት ለምትጽፉ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ከባሕር ዳር ለሚነሡና ወደ ባሕር ዳር ለሚመጡ የግል አውሮፕላኖች ፈቃድ፣ ማህተም፣ ነዳጅና የመሸኛ ደብዳቤ ለምትሰጡ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የቀንና የሰዓት አጻጻፍን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ ለትንንሽ አውሮፕላኖች በረራ ማዘጋጀት ነው። አብራሪ አይደለሁም። አብራሪው ሞተር ከማስነሣቱ በፊት በእጁ መያዝ ያለበትን ወረቀት የማሰባስበው፣ ነዳጅ የማዘው፣ የአየር ጠባይ የማየው፣ በመጨረሻም «በል፣ በሰላም ግባ» ብዬ የምሸኘው እኔ ነኝ።

የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። አዲስ ሕንፃ አይፈልግም። አዲስ ሠራተኛም፣ አዲስ አዋጅም አይፈልግም። ድንበር የሚሻገር በረራን በሚመለከት በምትጽፉት ወረቀት ሁሉ ላይ ቀኑን በኛም በፈረንጆቹም አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ደግሞ በኛም በዓለም አቀፉም አድርጋችሁ ጻፉልን። ልመናዬ ይኸው ነው። ለምን እንደምለምን ግን ከደረሰብኝ ነገር ተነሥቼ ላስረዳችሁ።

ናይሮቢ የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ። የዘጌ ልጅ ነው። ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ገንዘብ አዋጥተው አንዲት ባለ አንድ ሞተር ሴስና ካራቫን ገዝተዋል። የተመዘገበችው ኬንያ ነው። የምዝገባ ቁጥሯ እንደ ኬንያ አውሮፕላኖች ሁሉ «5ዋይ» ብሎ ይጀምራል። የኛዎቹ «ኢቲ» ብለው እንደሚጀምሩት ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ለጥምቀት እናቱን ሊጠይቅ በሷ መጣ። ጥር 11ን ከእናቱ ጋር አከበረ። በማግስቱ ሚካኤልን አስከተለ። ጥር 14 ሊመለስ ቀጠርን። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 22 ቀን 2019 መሆኑ ነው፤ ማክሰኞ ዕለት።

የመልሱ መንገድ ሁለት እግር ነበረው። መጀመሪያ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ቦሌ፣ አንድ ሰዓት ገደማ። የመውጫ ማህተሙና የጉምሩክ ፍተሻው የሚያልቀው እዚያ ነበር። ከዚያ ከቦሌ ናይሮቢ ዊልሰን፣ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ። ዊልሰን ትንንሽ አውሮፕላኖች እንደ ታክሲ የሚመላለሱበት የናይሮቢ አየር ማረፊያ ነው።

በመኪና ሞያሌን የተሻገረ ሰው ድንበር ማለት አንድ ገመድና አንድ ቢሮ ይመስለዋል። ወረፋ ይጠብቃል፣ ፓስፖርቱን ያስመታል፣ ያልፋል። ወረቀት ቢጎድለው ዞር ብሎ ያመጣል። አውሮፕላን እንዲህ አይደለም። ሰማይ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከመነሣት ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት አስቀድሞ ጠረጴዛ ላይ ያልቃል።

አገራችን ይህን ሥርዓት ከጅምሩ ታውቀዋለች። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. (ዲሴምበር 7 ቀን 1944) ቺካጎ ላይ ሲፈረም ኢትዮጵያ በጉባኤው ከተገኙት አገሮች አንዷ ነበረች። የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ በረራ ራሱ ድንበር ተሻጋሪ ነው፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. (ኤፕሪል 8 ቀን 1946) በአሥመራ አድርጎ ካይሮ። የቺካጎው ስምምነት 10ኛ አንቀጽ አገሩ ካዘዘ አውሮፕላኑ ማረፍም መነሣትም ያለበት ጉምሩክና ሌላው ፍተሻ ባለበት ማረፊያ ነው ይላል። 29ኛው ደግሞ በአውሮፕላኑ ውስጥ ምን ምን ወረቀት መገኘት እንዳለበት ይዘረዝራል። የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ ለበረራ ብቁ የመሆን ምስክር ወረቀት፣ የአብራሪው ፈቃድ፣ የጉዞ መዝገብ፣ ሬዲዮ ካላት የሬዲዮ ፈቃድ፣ ተሳፋሪ ካለ ስሙ ከተነሣበትና ከሚወርድበት ቦታ ጋር፣ ጭነት ካለ ዝርዝሩ።

በዚህ ላይ የማረፊያና የማለፊያ ፈቃዶች ይጨመራሉ። ኢንሹራንስ አለ። ቢጫ ካርድ አለ፤ የቢጫ ወባ ክትባት የተወሰደበት። ለጉምሩክና ለኢሚግሬሽን የሚሰጠው አጠቃላይ መግለጫ አለ። እዚህ ላይ ስማችን ራሱ አንድ ራስ ምታት ነው። አንዱ ወረቀት የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳል፣ ሌላው የአያትን። «ወልደ» የሚለውን አንዱ አያይዞ፣ አንዱ ለያይቶ ይጽፈዋል። ይሄ ግን ፓስፖርት ፊት ለፊት ተዘርግቶ ፊደል በፊደል ሲገለበጥ የሚስተካከል ነው። የቀኑ ጉዳይ ነው የባሰው።

የመጀመሪያው መደነቃቀፍ የመጣው ከጉዞው በፊት ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመሸኛ ደብዳቤ ተጽፎልን ነበር። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ ደብዳቤውን የጻፈችልን ሴት ቅን ሰው ናት፣ ሻይ ሰዓቷን ትታ ነው የጨረሰችልን። የደብዳቤው ቀን ከላይ በቀኝ በኩል 2/5/2011 ይላል። ጥር 2 ማለት ነው። ለኛ ምንም ችግር የለበትም።

ደብዳቤውን ከነትርጉሙ ናይሮቢ ላሉት ሰዎች ላክነው። ተርጓሚው ቃሉን ሁሉ ተረጎመ፤ ቁጥሩን ግን እንዳለ ተወው። በማግስቱ መልስ መጣ። «የላካችሁት ደብዳቤ የተጻፈው ከሰባት ዓመት በፊት ነው፣ አዲስ ላኩ» ይላል። መጀመሪያ ሌላ ፋይል የላክሁ መሰለኝ። ደብዳቤውን ከፈትሁት። ራሱ ነው። ደግሜ አየሁት። ያኔ ነው የገባኝ። ኬንያዊው ያነበበው ሜይ 2 ቀን 2011 ብሎ ነው። አልተሳሳተም። በሱ አገር 2/5/2011 ሌላ ትርጉም የለውም። ጥር አምስተኛ ወራችን መሆኑን፣ ዓመታችንም ከነሱ ወደ ኋላ መሆኑን ማን ይነግረዋል? ወረቀቱ አልነገረውም።

አንድ መስመር ብቻ ነበር የጎደለው። «ጃንዋሪ 10 ቀን 2019» የምትል። እሷን ለማስጨመር ሦስት ቀን ፈጀብን። ደብዳቤው እንደገና ተጻፈ፣ እንደገና ተፈረመ፣ ማህተም ያዥው ለቅሶ ሄዶ ስለነበር ማህተሙ በሦስተኛው ቀን ተመታ።

ሁለተኛው መደነቃቀፍ ግን በጉዞው ዕለት ነው የደረሰው። እስካሁንም የሚቆረቁረኝ እሱ ነው።

አብራሪ በረራውን የሚያሳውቅበት ቅጽ ፍላይት ፕላን ይባላል። በዓለም ላይ አንድ ዓይነት ነው። የባሕር ዳር መለያ አራት ፊደል ነው፣ ኤች ኤ ቢ ዲ፤ የቦሌው ኤች ኤ ኤ ቢ። ከዚያ የመነሻ ሰዓት በአራት አሃዝ፣ ፍጥነት፣ ከፍታ፣ መንገድ፣ መድረሻ፣ ተለዋጭ ማረፊያ፣ ነዳጁ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ ስንት ሰው እንደተሳፈረ። የአውሮፕላኗን ቀለም ሳይቀር ይጠይቃል። አንዴ አንድ ወጣት ሠራተኛ «ቀለሟ ምን ያደርግላቸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ብትጠፋ ጫካ ለጫካ የሚፈልጋት ሰው ምን ዓይነት ቀለም እንደሚፈልግ እንዲያውቅ ነው። የበረራው ቀን ደግሞ በስድስት አሃዝ ይጻፋል፤ ዓመቱ፣ ወሩ፣ ቀኑ። የኛ ያን ዕለት 190122 ነበር። በፈረንጅ ብቻ ነው የሚሞላው፣ ምርጫ የለውም።

የመነሻ ሰዓቱም የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። አብራሪዎች «ዙሉ» ይሉታል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለመነሣት አስበን ነበር። በፈረንጅ 8 ሰዓት ነው። በዙሉ 5 ሰዓት። ቅጹ ላይ 0500 ብለን ሞላን። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው።

ነዳጁን ያዘዘው ወዳጄ ራሱ ነው፣ ከዋዜማው በስልክ። ነዳጅ የሚያቀርበውን ድርጅትም ስሙን አልጠራም። ወዳጄ ናይሮቢ ሃያ ዓመት ኖሯል። ሰዓቱ ናይሮቢኛ ሆኗል። «ነገ ሰባት ሰዓት ላይ ነዳጅ እንፈልጋለን» አላቸው፣ በአማርኛ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቱ ነው። የተቀበለው ልጅ ደብተሩ ላይ «7፡00 ሰዓት» ብሎ ጻፈ። ለማንኛውም የባሕር ዳር ሰው ሰባት ሰዓት ማለት ምሳ ሰዓት ነው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ አየር ማረፊያ ደረስን። የወዳጄ እናት ከዘጌ ሰዎች ጋር በጀልባ ከዋዜማው መጥተው እኔ ቤት አድረው ነበር። ስንቅ አምጥተዋል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ የዘጌ ቡና። ወዳጄ እያንዳንዱን ፌስታል ሚዛን ላይ አስቀመጠው። እናቱ ደነገጡ። «ልትሸጠው ነው እንዴ?» አሉት። አይደለም። ትንሽ አውሮፕላን ላይ የሚጫን ነገር ሁሉ ይመዘናል፤ ሰውም ጭምር። ክብደቱ ብቻ ሳይሆን የት እንደተቀመጠም ይሰላል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ አፍንጫዋ ሽቅብ ይላል፣ አብራሪው መቆጣጠር ያቅተዋል። ካራቫን፣ ትልቋ ዓይነት፣ ከ3,969 ኪሎ በላይ ሆና መነሣት የለባትም። በዚያ ላይ ጉምሩክ ፊት የሚቀርበው ዝርዝር ውስጥ ቡናውም በርበሬውም በየኪሎው መግባት አለበት። ይህን ሁሉ በደንብ አስረዳቸው። «እንግዲያስ ድርቆሹን ከፊት አድርገው፣ እንዳይሰበር» አሉት።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሆነ። ነዳጅ የለም። 1 ሰዓት ተኩል። የለም። ስልክ ደወልን። «ሰባት ሰዓት ነው የተባልነው፣ መኪናው አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነው» አሉን። ወዳጄ ስልኩን ይዞ ዝም አለ። ምን እንደሠራ ያን ጊዜ ገባው።

እዚህ ላይ «ለምን ጠዋት ጠዋት ትላላችሁ፣ ቀን ብትነሡስ?» የሚለኝ ሰው አለ። ስለዚህ ትንሽ ላብራራ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው። ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ የበለጠ ይሳሳል። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሲደርስ አውሮፕላኗ 2,700 ሜትር ላይ ያለች ያህል ነው የምትደክመው። ክንፉ የሚደገፍበት አየር ያንሳል፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ያንሳል፣ ማኮብኮቢያው ላይ ረጅም ትሮጣለች፣ ስትወጣም ቀስ ትላለች። ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ታንክ ሞልቶ ቀትር ላይ መነሣት የባሰ ነው። ካራቫን ጠንካራ ናት፣ ትችለዋለች። ግን ጥሩ አብራሪ «ትችለዋለች» ብሎ አይነሣም፤ ጠዋት ቀዝቀዝ ሲል ይነሣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የዓባይ ሸለቆ ላይ የሞቀው አየር ሽቅብ ይፈላል፣ ትንሽ አውሮፕላን ያንገጫግጫል።

ሌላም ነገር አለ። ጣና ዳር ወፍ ብዙ ነው። የከተማችን ትልልቅ ሰዎች መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.ን (ሴፕቴምበር 15 ቀን 1988) አይረሱትም። ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ሞተሮች ርግብ ዋጡ። አብራሪዎቹ ሊመልሱት ሞከሩ፤ በሆዱ መሬት ላይ ወርዶ ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እኔ ከዚያ ታሪክ የወሰድሁት አንድ ነገር ነው። ከመነሣት በፊት ማኮብኮቢያውን የሚያየው ሰው አውሮፕላኗ መቼ እንደምትነሣ በትክክል ማወቅ አለበት። 2 ሰዓት ላይ ወፍ መኖር አለመኖሩን አይቶ፣ አውሮፕላኗ 8 ሰዓት ላይ ብትነሣ፣ ያየው ነገር ለማንም አልጠቀመም።

ወደ ዕለቱ ልመለስ። ጠበቅን። እናት ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አውሮፕላኗን ያያሉ። ልጃቸው ሲበር አይተው አያውቁም። ሲመጣ ዘጌ ነበሩ። «ዛሬ ሲነሣ ማየት አለብኝ» ብለው ነው የመጡት። አብረዋቸው የመጡት የዘጌ ሰዎች ጀልባ ግን ሰባት ሰዓት ላይ ይመለሳል። 6 ሰዓት ተኩል ሲል የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙት። ሳሙት፣ መረቁት። እኔ ወደ ጀልባው ይዣቸው ሄድሁ።

ባጃጁ ውስጥ «አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ» አሉኝ። «ጠይቁኝ እማማ» አልኋቸው። «ሰባት ሰዓት ሰባት ሰዓት አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ባለ ጀልባው ሰባት ሰዓት አለ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ሞተሩን አስነሣ። የነዳጁ ልጅ ሰባት ሰዓት ተባለ፣ ሰባት ሰዓት ላይ መኪናውን ይዞ መጣ። ሁለቱም ቃላቸውን ጠበቁ። ጀልባዋ ደንገል ታንኳዎቹን አልፋ ወደ ዘጌ ስትዞር ወዳጄ ስልክ ደውሎ «ነዳጁ መጣ» አለኝ።

ነዳጅ ከተሞላ በኋላም ዝም ብሎ አይነሣም። ወዳጄ ከታንኮቹ ሥር በትንሽ ብርጭቆ ነዳጅ እየቀዳ ወደ ፀሐይ አነሣ። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል። ቀለሙንም ያያል። ካራቫን የምትጠቀመው ጄት ኤ ዋን ነው፣ ጥርት ያለ ነው። የፒስተን ሞተር ያላቸው ትንንሾቹ የሚጠቀሙት ቤንዚን ደግሞ ሰማያዊ ቀለም ይደረግበታል፣ እንዳይምታታ። ይህ ሁሉ ተደርጎ 8 ሰዓት አለፈ። የዓለም ሕግ ነዳጅ እንዳይምታታ ቀለም ሰጥቶታል። የኛን ሰዓት ግን ማንም ቀለም አልቀባልንም።

ቦሌ ሲደርስ 9 ሰዓት አልፏል። ማህተሙ፣ ፍተሻው፣ ነዳጁ ሲያልቅ ወደ 11 ሰዓት ተጠጋ። ከዚያ ቢነሣ ናይሮቢ የሚደርሰው በጨለማ ነው። አልተነሣም። ትክክል ነው ያደረገው። ግን የኬንያ ፈቃዱ የተሰጠው ለዚያ ቀን ነበር፤ እንደገና መጠየቅ፣ እንደገና መክፈል፣ አዲስ ፍላይት ፕላን ማስገባት ግድ ሆነ። ሦስት ሰው ሆቴል አደረ። እኔን ግን የቆረቆረኝ ሌላ ነው። እናት ልጃቸው ሲነሣ አላዩም።

አንዲት ቃል እንዲህ ታደርጋለች ወይ የሚል ካለ፣ ታደርጋለች። በጁላይ 1983 (ሐምሌ 1975 ዓ.ም.) የካናዳ አንድ ቦይንግ 767 ነዳጁ በኪሎና በፓውንድ መካከል ተምታቶ ተሰላ፤ ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህሉን ብቻ ይዞ ተነሣ። መንገድ ላይ ሰማይ ላይ እያለ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ እንደ ጭልፊት እያንሳፈፉ አንድ የድሮ ማኮብኮቢያ ላይ አሳረፉት። ማንም አልሞተም። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ከቁጥሩ ጎን የሚቆመው መለኪያ ነው የተምታታው። «ሰባት ሰዓት»ም እንደዚሁ ነው።

ፈቃድ ላይ ጥብቅ መሆናችሁን እደግፋለሁ። ድንበር ድንበር ነው። በኅዳር 2009 ዓ.ም. (ኖቬምበር 2016) ከግሪኳ ቀርጤስ ደሴት ተነሥተው ኬፕታውን ለመድረስ በድሮ አውሮፕላኖች የሚጓዙ የውጭ ሰዎች ጋምቤላ ላይ ያለ ፈቃድ ገብታችኋል ተብለው ተይዘው ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተለቀው ጉዟቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ ፈቃድ በጥንቃቄ ይሰጥ፣ በጥንቃቄ ይታይ። እኔ የምለው ፈቃዱን የያዘ ሰው ፈቃዱ ለየትኛው ቀን፣ ለየትኛው ሰዓት እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ ይወቅ ነው። ፈቃዱ ጥብቅ በሆነ ቁጥር ቀኑ ግልጽ መሆን አለበት። ለአንድ ቀን የተሰጠ ፈቃድ ቀኑ ከተምታታ እንዳልተሰጠ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ የራሳችንን ለምን እንተዋለን?» የሚል እንዳለም አውቃለሁ። እኔም የራሳችንን እንተው አላልሁም። እናቶቻችንም፣ ባለ ጀልባውም፣ እኔም በራሳችን ሰዓት ነው የምንኖረው። ፀሐይ ስትወጣ የሚጀምር ሰዓት ቆንጆ ሰዓት ነው። እንዲያውም አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ብትደምሩ ዙሉ ይመጣል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሲደመር 3፣ ዙሉ 5። ቀን 7 ሰዓት፣ ሲደመር 3፣ ዙሉ 10። ኬንያዊው ደግሞ ከራሱ ሰዓት 3 ይቀንሳል። ከዓለም አቀፉ ሰዓት እኩል ነው የምንርቀው፣ እኛ በአንድ ወገን፣ እሱ በሌላው። የማታ ከሆነ በኛ ሰዓት ላይ መጀመሪያ 12 ደምሩ፣ ከዚያ 3፤ ድምሩ 24 ከደረሰ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱ። ይህን ለአንድ አዲስ ሠራተኛ ለማስተማር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ላስተማርኋቸው ልጆች አልፈጀም።

ስለዚህ ሥራችሁን እንዲህ ብታደርጉልን እላለሁ። ደብዳቤ ስትጽፉ ወሩን በቁጥር አትጻፉ፣ በስሙ ጻፉት፤ «ጥር»፣ ከጎኑ ወይም ከሥሩ «ጃንዋሪ»፣ ሁለቱም ከነዓመታቸው። ሰዓት ስትጽፉ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የምትለው ቃል አትቅር፤ ከጎኗ ዙሉው ይግባ። ነዳጅ የምታቀርቡ ደግሞ በስልክ ትዕዛዝ ስትቀበሉ «ጠዋት ነው ቀን?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች ጥያቄ ብቻ ያን ዕለት ስንት ነገር ታድን ነበር። ያዘዘው ወዳጄም አለመናገሩ የሱ ጥፋት ነው፣ ነግሬዋለሁ፣ አምኗል። እኔም ትዕዛዙን መልሼ አለማጣራቴ የኔ ነው። ሥራዬ እሱ ነውና።

አንድ ሌላ ነገር፣ ከቻላችሁ። ድንበር ለሚሻገር በረራ በቂ ቀን አስቀድሞ ለጠየቀ ሰው ጉምሩክና ኢሚግሬሽን ባሕር ዳር ላይ በቀጠሮ ማህተም ቢመቱለት፣ ከጣና ዳር ተነሥቶ ሌላ ማረፊያ ሳይረግጥ መውጣት ይችላል። ለጎብኚም፣ ለነጋዴም፣ እናቱን ሊጠይቅ ለመጣም ይጠቅማል። ይህ ግን የብዙ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ስለሚጠይቅ ዛሬ ዋና ልመናዬ አላደረግሁትም። ቀኑና ሰዓቱ ግን ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል። እስካሁን እጄ ላይ የሚገቡት ወረቀቶች በዚያው በድሮው መልክ ናቸውና ነው ይህን መጻፌ።

እኔ የበኩሌን ጀምሬያለሁ። ገበያ አጠገብ ያለ አንድ ማህተም ሠሪ ዘንድ ሄጄ የጎማ ማህተም አሠርቻለሁ። ሦስት መስመር አለው። የመጀመሪያው «በኢትዮጵያ» ይላል፣ ሁለተኛው «በአውሮፓ»፣ ሦስተኛው «ዙሉ»። ከየመስመሩ ጎን ቀኑና ሰዓቱ በእጅ የሚሞላበት ክፍት ቦታ አለ። ከኔ ቢሮ በሚወጣ ወረቀት ሁሉ ላይ እመታዋለሁ። ለየቢሯችሁ የሚሆኑ አምስት ተጨማሪ አሠርቻለሁ። የዋጋው ነገር አያሳስባችሁ፣ ከፍያለሁ።

ወዳጄ ለመጪው ጥምቀት ሊመጣ እየተዘጋጀ ነው። እናቱ ባለፈው ሳምንት በጎረቤት ልጅ ስልክ ደወሉልኝ። «ሲመለስ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው? ለባለ ጀልባው ልንገረው» አሉኝ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ጀንበር ወጥታ ሁለት ሰዓት ሲሆን አልኋቸው። እነዚያ አምስት ማህተሞች ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። የሚፈልግ ቢሮ ካለ ይጥራኝ፣ በዚያው ቀን ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የበረራ አዘጋጅ፣ ከባሕር ዳር